ሞተር ቢስክሌትን በመኪና ላይ ስለ መጫን

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ጭነት መጻፍ ያለ ቦታው የተነገረ ነገር ሊመስል ይችላልና፥ ነገሩ ከቤት ምን አገናኘው የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

በምንኖርበት በሐይቅ ከተማ የእኅታችን ልጅ አንድ ሞተር ቢስክሌት አለው። እንጀራው በርሱ ነው፤ ከገጠር ወደ ከተማ ሰውና ዕቃ እያመላለሰ እናቱን ይረዳበታል። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ሞተሩ ተበላሽቶ በአቅራቢያ ያሉት ጠጋኞች ስላልቻሉት ወደ ደሴ እንዲወሰድ ተቈረጠ። ደሴ ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ነገር ግን የሐይቁ ውሃ ከባሕር ወለል በላይ በ2,000 ሜትር ግድም ሲተኛ፥ ደሴ በ2,500 ሜትር ግድም ተቀምጣለችና መንገዱ ዳገትና ጥምዝ ይበዛበታል። የባለቤታችን ወንድም ፒክአፕ መኪና ስላለው በርሱ ሊያደርስልን ፈቀደ።

እኛም መዝገብ በሲባጎ ስናስር ሃያ ዓመት ያህል ስላለፈን ማሰር እናውቃለን ብለን ነበር። አራት ሆነን ሞተሩን አንሥተን ከመኪናው ካሶኒ አገባነው፤ በጎን ማቆሚያው ላይ አዘንብለን አቆምነው፤ መሪውንም በአንድ የፕላስቲክ ገመድ ከፊተኛው ብረት ጋር ጠመጠምነው። ከኋላ የምናስርበት ገመድ አልተረፈም፤ ስለዚህ «ልጁ ይያዘው» አልን። የአሥራ አራት ዓመት ልጃችን ደስ ብሎት ዘሎ ወጣ። ይህን ልማድ በአገራችን መንገድ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰው ከጭነቱ አጠገብ ተቀምጦ ጭነቱን ይጠብቃል ይባላል።

ዳገቱን ስንወጣ ቦሩ ሜዳ ሳንደርስ በአንድ ጥምዝ ላይ ጩኸት ሰማን። ማቆሚያው ሸርተት ብሎ፥ ክብደቱ ከ100 ኪሎ የሚበልጠው ሞተር ባልታሰረበት ወገን ወድቆ፥ የልጁን እግር ከካሶኒው ግድግዳ ጋር አጣብቆት ነበር። ልጁ አልለቀቀም፤ ያዝ ተብሏልና እስኪወድቅበት ድረስ ይዞት ኖሯል። ከእግሩ አጥንቶች ሁለቱ ተሰብረው ስድስት ሳምንት በጀሶ ተቀመጠ። ያን ዕለት ሞተሩን ማን አስታወሰው? ልጁን በደሴ አሳክመን ስንመለስ እንደ ተጋደመ አብሮን ተመለሰ።

ባለቤታችን ማታ የልጁን እግር አይታ ብዙ አልተናገረችም። «ገመድ ቢያጥርዎ ልጄን ገመድ አደረጉት?» ብቻ አለች። መልስ አልነበረንም፤ እስከ ዛሬም አላገኘንለትም።

በሳምንቱ ሐጂ ብለን የምንጠራቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን ልጁን ሊጠይቁ መጡ። እኒህ ሰው በጉልምስናቸው በአምባሰል ቆላና ደጋ በቅሎና አጋሰስ ጭነው እህል ያመላለሱ ናቸው። የሆነውን በዝርዝር ካስነገሩን በኋላ፥ «ጸሐፊው፥ ይህ ጭነት ነው እንጂ መዝገብ አይደለም፤ መዝገብ ካስቀመጡት ቦታ ይገኛል፥ ጭነት ግን ይሄዳል» አሉን። ቀጥለውም፥ በቅሎ ስትጫን ሆዷን ነፍታ ትቆማለች፤ ጥቂት ከሄደች በኋላ ስትተነፍስ መጫኛው ይላላል፤ ስለዚህ ዐዋቂ ጫኝ ከሰፈር ወጣ እንዳለ ቆሞ መጫኛውን ዳግመኛ ይስባል፥ ይህን ያላደረገ እህሉን ከገደል ይለቅማል ብለው አጫወቱን።

ይህን ነገር ከአንድ የደሴ ሞተር ጠጋኝ ጋር በስልክ ስንነጋገር የሽማግሌው ቃል በብረት ላይም እውነት ሆኖ አገኘነው። የሞተሩ ትንፋሽ የፊት እግሩ ሞላ ነው። መኪናው በጎድጓዳ ሲዘል ሞላው ይረግጣል፤ ሲረግጥም ገመዱ ይላላል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ይወድቃል። መድኃኒቱም ሞላውን አስቀድሞ እስከ እኩሌታው በማሰሪያ ጫን አድርጎ መያዝ ነው፤ እስከ መጨረሻው ግን አይጫንም፥ ዘይቱን የሚይዘው ጎማ ይጎዳልና።

የፊተኛው ጎማ ከካሶኒው ፊተኛ ግድግዳ ጋር ይገጠማል። ከመሪው ሥር ካለው ጠንካራ ብረት ሁለት ማሰሪያዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ፥ ወደ ፊትና ወደ ታች ተስበው ከካሶኒው ማዕዘኖች ይታሰራሉ፤ ሌሎች ሁለት ደግሞ ከኋላ። በጎን ማቆሚያ ማዘንበል ቀርቶ ሞተሩ ቀጥ ብሎ በአራቱ ማሰሪያ ይቆማል፤ ማርሽ ውስጥም ይገባል፥ የቤንዚኑም መዝጊያ ይዘጋል። ባለ ሁለት ረድፍ ወንበር የሆነ ፒክአፕ ካሶኒው 1 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ሞተሩ ግን እስከ 2 ሜትር ስለሚደርስ የኋላው መዝጊያ ተከፍቶ ይሄዳል፤ እንዲህ ሲሆን የኋላው ማሰሪያ ይበልጥ ያስፈልጋል። የፕላስቲክ ገመድ ሲሳብ ይረዝማልና ባለ ጥርስ ማጥበቂያ ያለው ጠፍጣፋ ማሰሪያ ይሻላል። አራቱን የገዛንበት ዋጋ ለልጁ መድኃኒት ካወጣነው ያንሳል፤ ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

ልጁ ከዳነ በኋላ ሞተሩን ዳግመኛ ወሰድነው። አሁን በአራት ሰው ጉልበት አላነሣነውም፤ መኪናውን ከመንገዱ ዳር ካለ ከፍ ያለ አፈር ጋር በኋላው አስጠግተን፥ በወፍራም ጣውላ ላይ እየገፋን አስገባነው። ማሰሪያዎቹን የሳበው ልጃችን ነው፤ ሐጂም በከዘራቸው እየጠቆሙ አዘዙት። ሲያበቃ ሞተሩን ይዘው ነቀነቁት፤ መኪናው ሁሉ አብሮት ተነቃነቀ። ልጁ ከወረደ በኋላ ጉዞ ጀመርን። ከከተማው ጥቂት ወጣ እንዳልን ቆመን ብናይ፥ የቀኙ የፊት ማሰሪያ አንድ ጣት ያህል ላልቶ አገኘነውና ሳብነው።

ቦሩ ሜዳ ስንደርስ ባለቤታችን በስልክ ጠራችን።

«ከኋላ ማን አለ?» አለች።

«ማንም የለም» አልናት።