ለእንግዳችን የዋሸነው ታሪክ



ባለፈው ሴሚስተር ፈተና እንዳለቀ ያጋጠመንን ልናጫውታችሁ ነው። የምንኮራበት ታሪክ አይደለም። ግን ከመካከላችሁ ነገ እንግዳ የሚቀበል ሰው ስለማይጠፋ፣ ከእኛ ቢማር ብለን ጻፍነው።

ሦስት ነን። ሦስታችንም መርካቶ ተወልደን መርካቶ ያደግን፣ ሦስታችንም የምህንድስና ተማሪዎች። ልጅ እያለን ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ነበር። ጠዋት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ስንመለስ ከሰዓት መድረሳ እንገባለን፤ ፈረቃው ሲቀየር ደግሞ በተገላቢጦሽ። ስለዚህ ‹ሁለቱንም ትምህርት ቀምሰናል› እያልን ትንሽ እንኩራራለን።

እንግዳችን የዛንዚባር ልጅ ነው። አምስት ኪሎ የባቡር ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪውን እየተማረ ነው። አገሩ ታንዛኒያ ከዳሬሰላም ዶዶማ የሚደርስ የኤሌክትሪክ ባቡር ስላስጀመረች፣ ተመልሶ እዚያ ለመሥራት ያስባል። የተዋወቅነው ከግቢ ውጭ ባለው መስጊድ፣ ሰፍ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ነው። ስምንት ወር ሙሉ ከመኝታ ክፍሉና ከላቦራቶሪው ሌላ ብዙም አላየም። ‹ከተማችሁን አሳዩኝ› ሲለን እንጦጦን፣ ሙዚየሙን፣ አንድነት ፓርክን ቆጠርንለት። እሱ ግን ‹መርካቶን› አለ።

እውነቱን እንናገር፤ አፈርን። መርካቶ ምን ያያል? ጭቃውን? ግፊያውን? ኪሱን የሚያወልቀውን? ‹ታሪካዊ ከተማ ማየት ከፈለግክ ሐረር ወይም ጎንደር ሂድ› አልነው። እሱ ደግሞ ከስቶን ታውን የመጣ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የዛንዚባር ጥንታዊ ከተማ ማለት ናት። ‹እኛም ልጅ ሆነን ቱሪስት ስቶን ታውን መጥቶ ምን እንደሚያይ አይገባንም ነበር› ብሎ ሳቀብን። ተሸነፍን።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከልደታ በቀላል ባቡሩ ተሳፍረን ሰባተኛ ወረድን። ባቡሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ስለሆነ ከእኛ ዕድሜ ያንሳል። እንግዳችን ግን መርካቶን ከማየቱ በፊት ምሰሶውንና ሐዲዱን ፎቶ ሲያነሳ ሩብ ሰዓት ፈጀብን።

ከዚያ ገባን። ‹ተራ› የሚለውን ቃል ስናስረዳው በጣም ወደደው። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ተራ አለው፤ ሸማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ። እኛ ዕድሜ ልካችንን የጠራነውን ስም እሱ እንደ ካርታ አነበበው። ቃላቱም አስደነቁት። ‹ደላላ› ስንል ‹ዳላሊ!› ብሎ ጮኸ፤ በስዋሂሊም ትርጉሙ ያው ነው። ‹ሱቅ› ስንለው እነሱ ገበያን ‹ሶኮ› እንደሚሉ ነገረን። መድረሳ ለተማረ ሰው የሁለቱም ሥር ዐረብኛ መሆኑ ግልጽ ነው። ሃያ ዓመት ‹ሱቅ ላኩኝ፣ ሱቅ ጠብቅ› ስንባል አንድም ቀን ትዝ ብሎን አያውቅም።

ቅመማ ቅመም የሚሸጡ እናቶች ዘንድ ስንደርስ ዝም አለ። ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ቅርንፉድ አነሳና አሸተተ። ‹ካራፉ› አለ ቀስ ብሎ። የዛንዚባር ስም በዓለም የተጠራው በቅርንፉድ ነው፤ ለእሱ ደግሞ የቤቱ ሽታ ነው። ሻጯ ዓይኑን አይተው ‹አገሩ ናፍቆት ነው አይደል?› አሉን። በወረቀት ጠቅልለው ሰጡት፤ ሒሳብ ሲያወጣም አልቀበል አሉ።

ምን አለሽ ተራ የእኛ የምህንድስና ልብ ያለበት ነው ብለን ወሰድነው። ‹ቆራሌው› እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው የሰበሰበው ብረት መጨረሻው እዚያ ነው። አንድ እኩያችን የሆነ ልጅ የዘይት በርሜል በመሮ ሰንጥቆ፣ ዘርግቶ፣ ቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ሲያወጣ ቆመን አየን። እንግዳችን በእኛ በኩል ‹ብረቱ ለምን አይሰነጠቅብህም?› ብሎ ጠየቀው። ልጁ መዶሻውን ሳያቆም መለሰ፦ ‹ስትቀጠቅጠው እየደረቀ ይሄዳል። ከደረቀብህ እሳት አሳየውና ተወው፤ ቀስ ብሎ ሲበርድ ይለሰልሳል።› ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ሴሚስተር የተማርነው ትምህርት በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቀ። ተያየን።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ አስጎብኚዎች ነበርን።

ከአንዋር መስጊድ ፊት ለፊት ስንደርስ እንግዳችን ቆመ። በአንድ በኩል ሚናራው፣ አለፍ ብሎ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን፣ መሐሉን ሸክም የያዘው፣ ጋሪ የሚገፋው፣ የሚጠራው ሕዝብ ሞልቶታል። ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረና ‹ይህ ገበያ ስንት ዓመቱ ነው? ለምንስ በጣሊያንኛ ተጠራ?› አለን።

አናውቅም ነበር። ሦስታችንም። ግን ‹አናውቅም› ማለት አቃተን። ከመካከላችን አንዱ፣ ስሙን አንጠቅስም፣ ይህን ጽሑፍ የጻፈው እሱ ነው፣ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ ‹አምስት መቶ ዓመት ይሆነዋል፤ ጣሊያኖች መጥተው ስሙን ብቻ ነው የቀየሩት› አለ። ሁለታችን ራሳችንን ነቀነቅን። እንግዳችን ‹ማሻአላህ› ብሎ ቀረጻውን እዚያው በዋትሳፕ ለእናቱ ላከ።

ሻይ ልንጠጣ ከጎን ካለች ትንሽ ሻይ ቤት ገባን። ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ውጭ የተናገርነውን ሰምተው ኖሯል። ‹ልጆች› አሉን በአማርኛ፣ ‹እንግዳውን ምን አላችሁት? አምስት መቶ? አዲስ አበባ ራሷ በ1879 የተቆረቆረች ናት። ገበያው ከከተማው ሊበልጥ ነው?› ሻይ ቤቱ ሳቀ። እኛም ለመሳቅ ሞከርን።

እንግዳችን ‹ምን አሉ?› ብሎ ጠየቀን።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። እሱ አማርኛ አይሰማም። በእሳቸውና በእሱ መካከል ያለነው እኛ ብቻ ነን። አንዳችን ፈጠን ብሎ ‹እንኳን ደህና መጣህ እያሉህ ነው› አለው። እንግዳችን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ‹ሹክረን› አላቸው። ሽማግሌው ምን ብለን እንደተረጎምን የገባቸው ይመስለናል። ረጅም ጊዜ አዩንና ዝም አሉ።

የዙሁር አዛን አለ። ውዱእ ስናደርግ ሦስታችንም አልተነጋገርንም። የሙናፊቅ ምልክቶችን የሚዘረዝረውን ሐዲስ ገና በልጅነታችን ነው መድረሳ ያሸመደድነው፤ በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ሲናገር መዋሸት ነው። ኢማም ማሊክ ከሩቅ አገር ተጉዘው ለመጡ ጠያቂዎች ሳይቀር ‹አላውቅም› ይሉ እንደነበር ኡስታዛችን ስንት ጊዜ ነግረውናል። የእሳቸውን ያህል ዒልም የያዘ ሰው ‹አላውቅም› ማለት ካላሳፈረው፣ እኛን ምን አሳፈረን? አንዱ ውሸት ሳያንሰን፣ ያንን ለመሸፈን ሁለተኛውን ጨመርን። ለዚያውም የአንድን ሽማግሌ ቃል አጣመን።

ከሶላት በኋላ ጫማ ስናደርግ ነገርነው። ገበያው አምስት መቶ ዓመት እንዳልሆነው፣ ሽማግሌው ያረሙን እኛን እንደነበር፣ ትርጉሙንም እንደዋሸነው። መጀመሪያ ሳቀ። ‹እናቴ እኮ «ከእኛ ስቶን ታውን ይበልጣል ማለት ነው» ብላ መልሳልኛለች!› አለ። ከዚያ ሳቁ ቆመና የተናገረው እስካሁን ከጆሯችን አልወጣም፦ ‹እኔ እዚህ ቋንቋ የለኝም። አገራችሁን የማየው በእናንተ ዓይን፣ የምሰማውም በእናንተ ጆሮ ነው። እናንተ ካጣመማችሁብኝ ማን ያቀናልኛል?›

መልስ አልነበረንም። ‹እንመለስ፣ ሽማግሌውን እንጠይቅ› አልን።

ሐጂ ከጥጋቸው አልተነሱም ነበር። ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ ‹ዐፉ ብያለሁ፤ ተቀመጡ› አሉን። በዚህ ጊዜ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየተረጎምን፣ ያልገባንን እየደገምን አስተላለፍን።

አባታቸው የነገዱት አራዳ ነበር። በምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አገሩ ሁሉ እዚያ ይሰበሰብ ነበር። በ1928 ፋሺስት ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ ነጩንና ሐበሻውን ለመለየት ፕላን አወጣ። መሐል ከተማውን ለራሱ አደረገ፣ የአገሬውን ሰውና ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፋው። ‹መርካቶ› ገበያ ማለት ነው፤ ሲጀመር የነበረው ሙሉ ስም ‹የአገሬዎች ገበያ› የሚል ነበር። ሰፈሩ ‹አዲስ ከተማ› የተባለውም ለዚህ ነው። ስሙ ራሱ እየነገረን አምስት መቶ ዓመት ማለታችን!

ይህን ስንተረጉም እንግዳችን ከወንበሩ ተነሳ። ‹የእኛ ንጋምቦ!› አለ። ንጋምቦ በስዋሂሊ ‹ወዲያ ማዶ› ማለት ነው፤ ከስቶን ታውን በውኃ ተለይቶ አፍሪካውያን የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። እንግሊዞችም ከተማዋን ሲያቅዱ ይህንኑ ልዩነት አጸኑት። ‹ሊለያዩን የሠሩት ቦታ መገናኛ ሆነ› አለ። ሐጂ ሲተረጎምላቸው ‹ይህ ልጅ ገብቶታል› አሉ። ጣሊያን በ1933 ሲወጣ ገበያው ቀረ። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ሐረሪው፣ የመኑ፣ ከየአገሩ የመጣው ሁሉ አሰፋው። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑም አጠገብ ለአጠገብ ኖሩ።

ከዚያ ሐጂ የራሳቸውን ጨመሩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሱቅ ጠባቂ ልጅ ነበሩ። የዚያን ቀን ሙስሊሙ ለእኩልነት አደባባይ ወጣ፤ ከመቶ ሺህ ሰው በላይ እንደነበር ይነገራል። ‹በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች› መባል ቀርቶ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ተብለን እንጠራ፣ በዓላችን በዓል ይሁን ብለው ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውም አብረዋቸው ወጥተዋል። በ1967 ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆኑ። ‹ተማሪዎችም ነበሩበት› አሉና አዩን። ‹እናንተ በዒድ ከግቢ ፈቃድ ወስዳችሁ ስትመጡ፣ በነፃ የመጣ ይመስላችኋል።›

አዎ፣ ይመስለን ነበር። አስራ ሁለት ዓመት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በዚያው ልክ መድረሳ ተምረናል። በሁለቱም መካከል ስንመላለስ በየቀኑ የረገጥነውን መንገድ ግን ጠይቀነው አናውቅም። ጥፋቱ የመምህራኖቻችን አይደለም። ሐጂ ከመድረሳችን ሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ሻይ ሲጠጡ ኖረዋል፤ ገብተን ያልጠየቅነው እኛ ነን።

ነገሩ ለእኛ ለምህንድስና ተማሪዎች ደግሞ ይብሳል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲነድ፣ መንገዱ ጠቦ ለእሳት አደጋ መኪኖች ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። መርካቶ መስፋት፣ መታደስ ያስፈልገዋል፤ ነገ ፕላኑን ከሚስሉት መካከል ከዚህ ጀመዓ የሚወጡ ይኖራሉ ኢንሻአላህ። ግን መስመር የሚያሰምር ሰው መስመሩ በምን ላይ እንደሚያልፍ ማወቅ አለበት። አንድ ጊዜ ይህችን ከተማ ሰዎቿን ሳይጠይቁ በወረቀት ላይ የከፋፈሏት ነበሩ። እኛ እንደነሱ እንዳንሆን መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ‹አላውቅም› ማለት፣ ከዚያ ሄዶ መጠየቅ።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለን። ለዒድ ስትመለሱ እያንዳንዳችሁ ከሰፈራችሁ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት አጠገብ ተቀመጡ። ይህ ሰፈር ስሙን ከየት አገኘ? መስጊዱን ማን ሠራው? እዚህ በፊት ምን ነበር? ብላችሁ ጠይቁና በቃላቸው ጻፉ። እንግዳ መጥቶ ከመጠየቁ በፊት ማለታችን ነው።

እንግዳችን ያን ቀን ማታ ለእናቱ አዲስ መልእክት ላከ። ምን ብሎ እንደላከ አልጠየቅነውም። ስንለያይ ግን ከወረቀቱ ለእያንዳንዳችን ጥቂት ቅርንፉድ ቆጥሮ ሰጠን። ‹ይህ የእውነት ነው፤ ብታሸቱት ታውቁታላችሁ› አለን። ነገሩ ቀልድም ተግሣጽም ነበረበት። እስካሁን በቦርሳችን ኪስ ውስጥ ይሸታል።

አላህ ምላሳችንን ከውሸት ይጠብቅልን፤ እንግዶቻችንን በአማና የምናስተናግድ፣ የማናውቀውን ከመጠየቅ የማናፍር ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።