ሞተሩ እየሠራ ለካው

የክረምት ዕረፍት አልቆ ወደ ግቢ በተመለስን ቁጥር በመኝታ ክፍላችን የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። «እህሳ! ክረምቱን ምን ስትሠራ ከረምክ?» ይባላል። አንዱ እርሻ አግዟል፤ ሌላው ልብ ወለድ ሲያነብ ከርሟል፤ የከተማው ልጅ ደግሞ ሲተኛ። እኔ በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሞጣ ከርሜ ስመለስ፣ «ከአባቴ ጋር የመኪና ካምቢዮ ዘይት ቀየርን» ብዬ መለስኩ። ሳቁብኝ። «ሥነ ጽሑፍ ልማር ብሎ የመጣ ሰው ጋራዥ ገባ!» ተባለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሳቅሁት ግን የቀረውን ላለመናገር ነበር። ይኸው ሦስት ዓመት አለፈ፤ የቀረውን ዛሬ ልናገር።

አባቴ በሞጣና በቢቸና መካከል በፒክ አፕ ጭነት የሚያመላልስ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ጤፍ፣ አንድ ቀን ቆርቆሮ፣ አንድ ቀን የሰው ዕቃ። ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ዳዊት ደግሟል፤ አማርኛ አሳምሮ ያነባል፤ እንግሊዝኛ ግን ፊደሉን ከመለየት አይዘልቅም። መኪናዋ ከሰው እጅ የተገዛች አሮጌ ቶዮታ ነች። ካምቢዮዋ ኦቶማቲክ ነው። በኛ አገር ጭነት የሚጭን ሰው ማርሹን በእጁ ማስገባት ስለሚወድ፣ የመኪናችን ነገር ለሰፈሩ መሳቂያ ነበር። «ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ገዝቶ መጣ!» አሉ። እውነትም አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረ ሰው ስለ ሆነ፣ የግራ እግሩ እስከ ዛሬ ዳገት ላይ ሲደርስ ባዶውን ወለል ይረግጣል።

ያን ክረምት አባቴ የካምቢዮውን መለኪያ ዘንግ መዝዞ በነጭ ጨርቅ ጠረገና ጠራኝ። አዲስ ሲሆን ቀይ ሆኖ የሚያበራው ዘይት ጠቁሮ የቡና አተላ መስሏል። አሸተትኩት፤ ተቃጥሏል። ባሕር ዳር ወስዶ ማስቀየር ደግሞ ሥራ መፍታት ነው፤ የጋራዡም ዋጋ አለ። ስለዚህ አባቴ ቢቸና ደወለ። ቢቸና ውስጥ እሱ «አያ» እያለ የሚጠራቸው፣ ዕድሜያቸውን በመኪና ሥር የጨረሱ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። በስልክ ሦስት ነገር ነገሩት። «አንደኛ፣ በክሪክ ብቻ አምነህ ከሥሯ እንዳትገባ። ሁለተኛ፣ የወጣውን ለክተህ ያንኑ ያህል መልስ። ሦስተኛ፣ ስትጨርስ ሞተሩ እየሠራ ለካው። አጥፍተህ እንዳትለካ!»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሥራውን ጀመርን። ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍን፤ በክሪክ ያነሣናትን መኪና በወፍራም ግንድ ላይ አሳረፍናት። ሞተሩን ጥቂት አሙቀን አጠፋነው፤ ዘይት ሞቅ ሲል ቀጥኖ ይወርዳልና። በጣም ከጋለ ግን እጅ ይልጣል። እማየ «ከእንግዲህ ለሊጥ አይሆነኝም፣ ውሰዱት» ብላ የሰጠችንን ሳፋ ከሥር ደቀንን። አባቴ ታፖውን ሲፈታ ጥቁሩ ዘይት እየተንዠቀዠቀ ወረደ። ከዚያ የኮፓውን ቡሎኖች አንድ በአንድ ፈትተን ኮፓውን አወረድን። ከውስጡ ትንንሽ ማግኔቶች ተለጥፈዋል፤ በላያቸው እንደ አመድ የላመ የብረት ዱቄት ተከምሯል። አባቴ በጣቱ እያሸ መረመረው። «ዱቄት ከሆነ ደኅና ነው። ስባሪ ቢሆን ኖሮ ማልቀስ ነበር» አለኝ።

እዚያው ጭቃ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ «ቺያቬ አቀብለኝ፣ ካቻቪቴ አምጣ፣ ጓርኒሲዮኑን ጥረግ» ስባል አንድ ነገር ገረመኝ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. መጥቶ በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። በላይ ዘለቀ ሲያርበደብደው በኖረበት በቢቸና ምድር እንኳ ወታደሩ ሲሄድ ቃሉ በመኪና ሆድ ውስጥ ቀረ። እነዚህን ቃላት እኔ የማውቃቸው ከየት እንደ መጡ ነው፤ አባቴና ሽማግሌው የሚያውቋቸው ግን ምን እንደሚሠሩ ነው። ያን ዕለት የኔ ዕውቀት የሚበልጥ መስሎኝ ነበር።

የወጣውን በሃይላንድ ለካነው፤ አራት ሊትር ሊሞላ ትንሽ ጎደለው። ወንፊቱን አጥበን፣ ኮፓውን መልሰን፣ ያንኑ ያህል አዲስ ቀይ ዘይት በመለኪያው ቱቦ በኩል በኢምቡቶ አንቆረቆርን። ቀጥሎ መለካት መጣ። አባቴ ሞተሩን ሊያስነሣ ቁልፉን ሲይዝ እኔ የመኪናዋን መጽሐፍ ይዤ ቆሜ ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከመኪናዋ ጋር አብሮ የመጣ፣ እስከዚያን ቀን ማንም ያልገለጠው። ዘይት እንዴት እንደሚለካ የሚናገረውን ገጽ አግኝቻለሁ። «ሞተሩን አጥፉ፤ ዘይቱ እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ ለኩ» ይላል።

«አባየ፣ ተው! መጽሐፉ አጥፉ ነው የሚለው» አልኩት።

«አያ ግን እየሠራ ነው ያሉኝ።»

«እሳቸው በልምድ ነው፤ ይኼ የሠራው ፋብሪካ የጻፈው ነው።»

አባቴ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ መጽሐፉን አየ። ከዚያ ቁልፉን ከቦታው ነቅሎ ኪሱ ከተተ። አልተከራከረኝም። ያ ዝምታው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እኔን ለማስተማር ስንት ኩንታል በጀርባው እንዳወረደ ስለማውቅ፣ በዚያች ቅጽበት ያመነው መጽሐፉን ሳይሆን ያን ሁሉ ድካሙን ነበር።

ሞተሩ ጠፍቶ ለካን። ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ወጥቷል። «በዝቷል፣ ይቀነስ» አልኩ። አባቴ እንደገና ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ታፖውን ላላ አደረገና እኔ በቃ እስክል ድረስ አፈሰሰ። ሊትር ተኩል ያህል ወጣ። ዘይት አይጣልም ብሎ በጀሪካን አድርጎ ከመቀመጫው ጀርባ አስቀመጠው። ያ ቁጥብነቱ ባይኖር ኖሮ ምን ይውጠን ነበር!

በማግሥቱ ጤፍ ጭነን፣ ሁለት ተሳፋሪዎች ከፊት ይዘን ወደ ቢቸና ወረድን። ያ መንገድ ከጮቄ ተራራ ወደ ዓባይ የሚወርዱ ወንዞች የሚቆራርጡት ስለ ሆነ ቁልቁለትና ዳገት አያጣም። ሜዳው ላይ ደኅና ሄድን። ደብረ ወርቅን አልፈን አንድ ዳገት ስንጀምር ግን ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ አልሄደችም። አባቴ ነዳጅ ሲጨምር ጩኸቱ ይበረታል እንጂ ጎማው አይገፋም። ቀጥሎ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬን ይዞ «ድንጋይ! ድንጋይ!» ሲል ዘልዬ ወረድኩና የኋላ ጎማዎቹን አስደገፍኩ። ዝናቡ ጀመረ። በጤፉ ላይ ሸራ ስንወጥር አባቴ ምንም አልተናገረኝም፤ የግራ እግሩ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሽማግሌው በአንድ አይሱዙ ተሳፍረው መጡ። ከመኪና ሳይወርዱ ጀምረው፣ «ሞተሩ እየሠራ ለክተኸዋል?» ብለው ጠየቁ።

አፌን ልከፍት ስል አባቴ ቀደመኝ። «ረሳሁት አያ። አጥፍቼ ለካሁት። የኔው ስንፍና ነው።»

«ምን ያለኸው ሰው ነህ! ስንት ጊዜ ነገርኩህ! የሰው እህል ጭነህ፣ የሰው ነፍስ ይዘህ!» በተሳፋሪዎቹ ፊት፣ በኔ ፊት፣ ትልቁን ሰው እንደ ልጅ ተቆጡት። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ዝም አልኩ።

ሞተሩን አስነሥተው፣ ማርሹን በየቦታው አዙረው ወደ መቆሚያው መልሰው፣ ዘንጉን መዘዙ። ደረቅ ነው። የጀሪካኑን ዘይት በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ፣ እየለኩ ሞሉት። ዘንጉን አሽትተው «አልተቃጠለም፤ እግዜር አተረፋችሁ» አሉ። መኪናዋ ዳገቱን ወጣች።

ማታ ቢቸና ስናድር መጽሐፉን በስልክ መብራት እንደገና ገለጥኩት። ያነበብኩት ገጽ የሞተር ዘይት ገጽ ነበር! እንግሊዞቹ የሞተሩን «ኦይል» ይሉታል፤ የካምቢዮውን «ፍሉይድ» ይሉታል። እኔ የፈለግሁት «ኦይል» የሚለውን ነው፤ በአማርኛ ሁለቱም «ዘይት» ነውና። ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ፣ «ፍሉይድ» በሚለው ሥር፣ ሽማግሌው በስልክ የነገሩን ቃል በቃል ሊባል በሚችል ሁኔታ ተጽፏል፤ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹን በየቦታው አዙራችሁ፣ ወደ «ፒ» መልሳችሁ ለኩ። ፋብሪካውና ሽማግሌው አልተጣሉም ነበር። ያጣላኋቸው እኔ ነኝ።

ጠዋት ምክንያቱን ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። በኦቶማቲክ ካምቢዮ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝ በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለም፤ በዘይት የተሞላ ኮንቨርተር አለ። በውስጡ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ማራገቢያ የሚመስሉ ነገሮች አሉ፤ አንዱን ሞተሩ ሲያዞረው ዘይቱን ይወረውራል፤ የተወረወረው ዘይት ሁለተኛውን ያዞረዋል። ማርሽ የሚቀያይሩትን ሰሌዳዎች የሚጨምቃቸውም የዚያው ዘይት ግፊት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ኮፓው ይመለሳል፤ ስለዚህ የበዛ ይመስላል። ሞተሩ ሲነሣ ፓምፑ ስቦ በየቦታው ያከፋፍለዋል፤ ኮፓው ውስጥ የሚቀረው ያኔ ነው እውነተኛ ልኩ። ሽማግሌው ይህን ሁሉ እንዲህ ብለው ጨረሱት፦ «ጎተራህን ቤተ ሰብህ ሳይበላ ብትለካው ሁልጊዜ ሙሉ ነው ልጀ። እየበሉ ለካው።»

ወደ ግቢ ከተመለስኩ በኋላ ስለዚህ ፈሳሽ ፈልጌ አነበብኩ። ጀኔራል ሞተርስ በ1939 እ.ኤ.አ. ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ በብዛት ሠርቶ ለገበያ ሲያወጣ ጊዜ፣ ለካምቢዮ ብቻ የሚሆን ዘይት አስፈለገ። ቀይ ቀለም የሚጨመርበትም ሲያፈስ ከሞተር ዘይት እንዲለይ ነው። እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ደግሞ የአንበሪ ስብ ይገባበት ነበር፤ አሜሪካ የአንበሪን ነገር ስትከለክል በሌላ ኬሚካል ተተካ። ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያለችው ሞጣ አንበሪን የምታውቀው ከዮናስ ታሪክ ነው። ይህን ሳነብ ለራሴ አፈርኩ። ሰው ውቅያኖስ ድረስ ሄዶ ቅመሙን የፈለገለትን ነገር እኔ «ያው ዘይት ነው» ብዬ አልፌዋለሁ።

ግን ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ የትርጉሙ ስሕተት አይደለም። ሰው ይሳሳታል። ያን ማታ ቢቸና፣ «አባየ፣ ለምን በራስህ አደረግኸው?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ጋቢውን እየተከናነበ፣ «የኔን ስሕተት ነገ ይረሱታል። ያንተን ግን ሲያወሩት ይኖራሉ» አለኝ። እኔም ይህን እንደ ስጦታ ተቀብዬ ዝም አልኩ። ጥፋቴን አባቴ ተሸክሞት ሲኖር እኔ እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ክፍል ገባሁ፤ ስለ ሰው ልጅ ክብር ስንትና ስንት ገጽ ጻፍኩ።

መኪናዋ ዛሬም ትሠራለች። ብቻ ከዚያን ቀን ወዲህ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስትሻገር ትንሽ ትዘገያለች። ሌላ ሰው አይሰማውም፤ እኔ ይሰማኛል። አባቴም ይሰማዋል፤ ግን ያን ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞር ይላል።

ባለፈው ዕረፍት ያን ገጽ ወደ አማርኛ መልሼ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩና በሾፌሩ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፍኩት። «ፍሉይድ» ለሚለው አንድ የሚሆን ቃል አጥቼ ብዙ ተቸገርኩ። በመጨረሻ «የካምቢዮ ዘይት» አልኩና ከሥሩ አሰመርኩበት፤ ቀጥሎም «ሞተሩ እየሠራ ለካው» ብዬ ጨመርኩ። አባቴ ጮክ ብሎ አንብቦ፣ «ይኼማ የአያ ቃል ነው» አለ። አዎ ነው አልኩት።

የዚህች መጽሔታችን እትም ተባዝታ ስትወጣ ሁለት ቅጂ ወደ አገር እልካለሁ፤ አንዱን ለሞጣ፣ አንዱን ለቢቸና። የሞጣው ይቆጣኝ ይሆናል። የቢቸናው ቅጂ ግን በዚያ ዳገት ላይ ላስቀረሁት መልስ ነው፦ አያ፣ አባቴ አልረሳም ነበር። ሞተሩን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ።