የምንጠላውን ሰው ማን ያድነው?

ባለፈው ዓርብ ማታ በቤት ኅብረታችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱ ቀደም ብሎ ስላለቀ፣ ወጣቶቹ የመረጡትን ፊልም አብረን አየን። ፊልሙ አዲስ አይደለም። ክሪስቶፈር ኖላን ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2005 ለእይታ የበቃው «ባትማን ቢጊንስ» ነው። ቡናው እየተፈላ፣ ፈንዲሻው እየዞረ ሁላችንም ተመስጠን ተከታተልን። መጨረሻው ላይ ጀግናው ጠላቱን ወደ ጥፋት በሚሮጥ ባቡር ውስጥ ጥሎት ሲወጣ ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። እኛ ትልልቆቹም አጨበጨብን።

ጭብጨባው ሳይበርድ አንዲት የ14 ዓመት ልጃችን «ግን እኮ ሊያወጣው ይችል ነበር። ለምን ተወው?» አለች። ከዚያ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ያመሸነው በዚህች ጥያቄ ነው። ዛሬ የምንጽፍላችሁም ጥያቄዋ ቤታችን ድረስ ስለተከተለን ነው።

ፊልሙን ላላያችሁት ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ብሩስ ዌይን የሀብታም ልጅ ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ አባትና እናቱ ዓይኑ እያየ በአንድ ዘራፊ ጥይት ወደቁ። ካደገ በኋላ ገዳዩ ፍርድ ቤት በሚቀርብበት ቀን ሽጉጥ ደብቆ ሄደ፤ ነገር ግን ሌላ ሰው ቀደመው። በቀሉን የተነጠቀው ወጣት በሰው አገር ሲንከራተት ቆይቶ፣ በተራራ ላይ ተሸሽገው ከሚኖሩ ተዋጊዎች ዘንድ ደረሰ። መሪያቸው ራስ አል ጉል ይባላል፤ ስሙ ዐረብኛ ሲሆን «የጋኔን ራስ» እንደ ማለት ነው። ተዋጊዎቹ ፍርሃትን ማሸነፍን፣ ከዚያም ፍርሃትን መሣሪያ ማድረግን አስተማሩት። የመጨረሻው ፈተና ግን አንድን ነፍሰ ገዳይ በገዛ እጁ በሰይፍ መግደል ነበር። ብሩስ እምቢ አለ።

ራስ አል ጉል ገንዘብ የሚፈልግ ሽፍታ አይደለም። የጎተም ከተማ በሙስናና በወንጀል ስለበሰበሰች መጥፋት አለባት ብሎ ከልቡ ያምናል። ስለዚህ በከተማዋ ውሃ ውስጥ ሰውን በፍርሃት የሚያሳብድ መርዝ ያስጨምራል። ከዚያም ውሃውን ወደ እንፋሎት የሚለውጥ መሣሪያ በባቡር ጭኖ በከተማዋ መካከል ወደቆመው ትልቅ ሕንፃ ይነዳል። ሐሳቡ ሕዝቡ በድንጋጤ እርስ በርሱ እንዲባላ ነው።

ይህን እያየ ዜና ትዝ የማይለው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በማርች 1995 አውም ሺንሪክዮ የተባለ የሃይማኖት ቡድን አባላት በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡሮች ሳሪን የተባለውን መርዝ ለቀው ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሺዎች ተጎዱ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በአሜሪካ ተሳፋሪ የጫኑ አውሮፕላኖች ወደ ሕንፃዎች ተነድተው ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ። በማርች 2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ በፈነዱ ቦምቦች ከ190 በላይ ሰዎች ሞቱ። ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የወጣው ጁን 15 ቀን 2005 ነበር። ከ22 ቀን በኋላ፣ ጁላይ 7፣ አራት ሰዎች በሎንዶን በሦስት የምድር ውስጥ ባቡሮችና በአንድ አውቶቡስ ላይ ራሳቸውን አፈንድተው 52 ሰዎችን ገደሉ። ፊልሙ የተሠራው ዓለም ባቡር ለመሳፈር በምትፈራበት ዘመን ነው።

እነዚህን ጥቃቶች የፈጸሙት ሰዎች እምነታቸውም ምክንያታቸውም ይለያያል። ከፊልሙ ሰውዬ ጋር የሚያመሳስላቸው ግን አንድ ነገር አለ፤ ሕዝብን በጅምላ የመፍረድ ሥልጣን በእጃችን ነው ይላሉ።

ወገኖች ሆይ፣ ይህ መንፈስ ከእኛ ሩቅ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለን! ዮናስ ግን ነቢይ ነበር። የነነዌ ሰዎች ንስሐ ሲገቡ ተቆጣ፤ ከከተማይቱም ወጥቶ ዳስ ሠርቶ፣ ምን እንደምትሆን ሊያይ ተቀመጠ። እግዚአብሔርም ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሳት ላሉባት ከተማ እኔ አላዝንምን ብሎ ጠየቀው (ዮናስ 4)። ያዕቆብና ዮሐንስ ሐዋርያት ነበሩ። አንዲት የሳምራውያን መንደር ጌታን አልቀበልም ስትል እሳት ከሰማይ አውርደው ሊያጠፏት ፈለጉ፤ ጌታም ገሠጻቸው (ሉቃስ 9፥52-55)። አብርሃም ግን ስለ ሰዶም ከአምሳ ጻድቃን ጀምሮ እስከ አሥር ድረስ እየቀነሰ በእግዚአብሔር ፊት ለመነ (ዘፍጥረት 18)። አብርሃም ከተማ እንድትተርፍ ቆመ፤ ዮናስ እንድትጠፋ ተቀመጠ። ልባችን ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል እያንዳንዳችን እናውቃለን።

አሁን ወደ ልጃችን ጥያቄ እንመለስ። ብሩስ ነፍሰ ገዳዩን አልገድልም ባለ ጊዜ በተራራው ቤት ውስጥ እሳት ተነሥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ አሠልጣኙ ራሱን ስቶ ወደ ገደል ሲንሸራተት፣ ብሩስ በነፍሱ ተወራርዶ ጎትቶ አወጣው። ያ አሠልጣኝ ራሱ ራስ አል ጉል ነበር። ውለታውን እንዴት መለሰ? ወደ ጎተም መጥቶ የብሩስን ቤት አቃጠለበት፤ እርሱንም ግንድ ተጭኖት ጥሎት ሄደ። ስለዚህ በባቡሩ ውስጥ እንደገና ሲገናኙ ብሩስ አልገድልህም፣ ላድንህ ግን አልገደድም የሚል ነገር ተናግሮት ወጣ።

ከመካከላችን አንዱ ወንድም «ታዲያ ምን አጠፋ? አትግደል የሚለውን ጠብቋል» አለ። ሌላዋ እህት ደግሞ «አንዴ አድኖት ምን አተረፈ?» አለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ባቡሩ መቆም ነበረበት። መንግሥት ክፉ አድራጊውን እንዲቀጣ ሰይፍ እንደተሰጠው ቃሉ ይናገራል (ሮሜ 13፥4)። ንጹሐንን መታደግ፣ ገዳዮችን ለፍርድ ማቅረብ ተገቢ ነው። ግን የልጅቱ ጥያቄ ስለ ባቡሩ አልነበረም። በውስጡ ስለቀረው ሰው ነበር።

ክርክራችን በፊልሙ ላይ ብቻ ቢቆይ በቀለለን። አንድ ታላቅ ወንድማችን ግን «በ2007 ሚያዝያ እኛ ምን ብለን ጸለይን?» ሲሉን ቤቱ ጸጥ አለ።

ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚያ ወር አይኤስ በሊቢያ ወደ 30 የሚጠጉ ወገኖቻችንን ክርስቲያን በመሆናቸው ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። በአገሪቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ከሟቾቹ አንዳንዶቹ የአዲስ አበባው ቂርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩ፤ ሰፈሩ በለቅሶ ተናወጠ። ሽብር ለእኛም የፊልምና የሰው አገር ወሬ መሆኑ በዚያ ቀን አበቃ።

በዚያ ሳምንት በጸሎት ስብሰባችን ለቤተሰቦቹ አልቅሰን ጸለይን። በመጨረሻ አንዲት እናት ተነሥተው «ልጆቼ፣ ለገዳዮቹም እንጸልይ። ጌታ ያግኛቸው» አሉ፤ ብቻቸውንም ጸለዩ። አሜን ያለው ጥቂት ሰው ነበር። ብዙዎቻችን አንገታችንን ደፍተን ዝም አልን። አንዳንዶቻችን በልባችን እሳት ከሰማይ ጠርተናል። እኚያ እናት ዛሬ በጌታ አርፈዋል። ያ አሜን ግን እስከ ዛሬ ዕዳ ሆኖብናል።

ያን ምሽት ሮሜ 5ን ከፍተን አነበብን። ክርስቶስ የሞተልን ገና ኃጢአተኞች ሳለን እንደሆነ፣ ከእግዚአብሔርም ጋር የታረቅነው ጠላቶቹ ሳለን እንደሆነ ይናገራል። ብዙ ጊዜ ያነበብነው ክፍል ነው፤ ያን ማታ ግን ባቡሩን እያሰብን አነበብነው። ጌታ ላድናችሁ አልገደድም ብሎን ቢሄድ ማን ይከሰዋል? ምንም ዕዳ አልነበረበትም። ደግሞም ያዳናቸው እንደሚክዱት፣ እንደሚሸሹ፣ ውለታውን እንደሚረሱ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። እንዲህም እያወቀ ገባ። በእኛ ቦታ ቆሞ የእኛን ፍርድ ተቀበለ። በመስቀል ላይ ሆኖም ለሰቀሉት ይቅርታ ለመነ።

ሳውልንም አሰብን። ቤት ለቤት እየገባ አማኞችን ጎትቶ ወደ ወኅኒ የሚያስገባ ሰው ነበር (ሐዋርያት ሥራ 8፥3)። የደማስቆ ክርስቲያኖች ስሙን ሲሰሙ ምን ይሰማቸው እንደነበር መገመት አያቅተንም። ሐናንያ ወደ እርሱ ሂድ ሲባል ፈራ፤ ፍርሃቱንም ለጌታ ሳይደብቅ ተናገረ። ሆኖም ሄደ፤ እጁንም ጭኖ ወንድሜ ብሎ ጠራው። ሐናንያ እምቢ ብሎ ቢሆን እኛ እንኳ ባልፈረድንበት።

የቆሰላችሁ ወገኖች ሆይ፣ ፈጥናችሁ ይቅር በሉ ብለን ልናስጨንቃችሁ አልጻፍንም። በቀልን ለእግዚአብሔር መተው (ሮሜ 12፥19) በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ እንባ አለበት። ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ላላችሁም የምንለው አለን። ክርስቲያኖች ለጠላት የሚጸልዩት ደግ ሰዎች ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ። እኛም ከባቡሩ ውስጥ የተጎተትን ነን፤ ያው እጅ ለእናንተም ተዘርግቷል።

ያን ሌሊት ከመለያየታችን በፊት ቆመን ጸለይን። ጥያቄውን ያነሣችው ልጃችን ጀመረች፤ ታላቁ ወንድማችን ጨረሱ። ከስምንት ዓመት የሚበልጥ፣ ከዓመታት በፊት የቀረ አሜን ነበረንና ዘግይተንም ቢሆን ከፈልን። እናንተም ከእኛ ጋር እንዲህ ብላችሁ ጸልዩ፦

ጌታ ሆይ፣ ጠላቶችህ ሳለን አልተውኸንም። በሽብር ወገኖቻቸውን ያጡትን አጽናና። ክፋትን የሚያቅዱትን እጅ ያዝ፤ ንጹሐንን ጠብቅ። ስማቸውን መስማት የማንፈልጋቸውን ሰዎች እንደ ሳውል በመንገዳቸው አግኛቸው። ከዮናስ ዳስ አውጣን፤ ከአብርሃም ጋር አቁመን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።