2014፣ በማን አቆጣጠር?

በዓለም አቀፍ የምርምር ኔትወርክ የመክፈቻ ስብሰባ ላይ ከኛ ሰው አንዱ ተነስቶ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለቱ አይቀርም። ይተረጎማል፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ሻይ ቡና። ድሩን ማን እንደሚፈትለው ግን አይነሳም። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ደሞዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ፈትል ነው። ወረቀት ላይ «አስተባባሪ» ይለኛል። እናቴ ደግሞ ለጎረቤት «ስብሰባ ነው የምትሠራው» ትላለች። ብዙም አልራቀችም።

ኔትወርካችን የሚያጠናው አንዲት ትንኝ ነው፤ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ። ነባር አገሯ ደቡብ እስያና የአረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ነው። በ2012 ጅቡቲ ላይ፣ በ2016 ደግሞ እኛ ጋ፣ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። (ከዚህ በታች ካላልኩ በስተቀር ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ ለምን ይህን እንደምል ይገባችኋል።) የለመድናቸው የወባ ትንኞች የዝናብ ኩሬ ሲወዱ እሷ ከተሜ ናት። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ ይበቃታል። ለዚህ ነው ክረምት አትጠብቅም የሚባለው። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት የተነሳው የወባ ወረርሽኝም ከእሷ ጋር ተያይዟል።

እንዲህ ያለችውን ትንኝ የነፍሳት ተመራማሪ ብቻውን አይችላትም። ሰው ለምን ውሃ እንደሚያጠራቅም የሚጠይቅ አንትሮፖሎጂስት ያስፈልጋል። ሐኪም፣ የውሃ መሐንዲስ፣ ሥርጭቱን በሒሳብ የሚተነብይ ባለሙያም እንዲሁ። ሁሉም እንግሊዝኛ ይችላል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ የተግባባን ይመስለናል።

«ኮንቴይነር» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ለነፍሳት ተመራማሪው ከጀሪካን እስከ አሮጌ ጎማ ውሃ የሚይዝ ሁሉ ኮንቴይነር ነው። ቃሉ እንዳለ መጠይቁ ውስጥ ገባ። አንዲት የድሬዳዋ እናት «ግቢዎ ውስጥ ስንት ኮንቴይነር አለ?» ሲባሉ «የኔ ልጅ፣ ኮንቴይነር ቢኖረኝ ሱቅ አድርጌ አከራየው ነበር!» አሉ። «ቤት»ም እንዲሁ አጣላን። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ቤተሰብ በአንድ በርሜል ይጠቀማል። አንዱ ባለሙያ አንድ ብሎ ይቆጥራል፣ ሌላው አራት። ከዚያ ሁለቱም ቁጥሩ ለምን እንዳልገጠመ ለወር ይጻጻፋሉ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የቀን ጉዳይ ነበር። አውሮፓ ያለ የሒሳብ ባለሙያችን አንድ ሌሊት ረጅም ኢሜይል ላከ። ከመስክ በመጣው ሠንጠረዥ ላይ ትንኟ በ2014 ድሬዳዋ ውስጥ ተይዛለች ይላል። ይህ ማለት ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘች ከተባለበት ሁለት ዓመት ቀድማ እዚህ ነበረች ማለት ነው። ትልቅ ግኝት! ለሦስት ቀን ኢሜይሉ ጎረፈ። በየት ገባች የሚለው ታሪክ እንደገና ሊጻፍ ነው ተባለ፤ አንዱማ የጽሑፉን ርዕስ ሳይቀር አዘጋጀ።

እኔ ሠንጠረዡን ሳየው ጠረጠርኩ፤ ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይሆንም። የኢሜይሉን ተቀባዮች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየሁ። ሁሉም አለ፤ ያንን ቁጥር በእጁ የጻፈው ሰው ብቻ የለም። ድሬዳዋ ደወልኩለት።

«አቦ አንቺ ደግሞ! የኛው 2014 ነዋ! የፈረንጁን ማን ይቆጥርልሻል?»

በኛ 2014 ማለት ከመስከረም 2021 እስከ መስከረም 2022 ነው፤ ያው የወረርሽኙ ሰሞን። ግኝቱ በአንድ ስልክ ፈረሰ። ግን ወሬው አላለቀም። «የጎን ማስታወሻዎቹንስ አላያችሁም?» አለኝ። ምን ማስታወሻ? ቅጹ ጠርዝ ላይ በአማርኛ «ውሃ ስምንት ቀን ጠፍቷል»፣ «ሰው ሁሉ በርሜል ገዝቷል» እያለ ይጽፍ ኖሯል። ለማስታወሻ የሚሆን አምድ ስለሌለ ኮምፒውተር ውስጥ አልገባም። አንትሮፖሎጂስቷ ስትፈልገው የከረመችው ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ አሠራራችን ተቀየረ። ማንኛውም ቀን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ካልተባለ አይመዘገብም። ሰዓትም ጭምር፤ የኛ «3 ሰዓት» የነሱ 9 ነው። ሁሉም ሙያ የሚጠቀምባቸውን ቃላት ፍቺ አንድ ላይ የያዘ ሰነድ አለን። ከትልቁ ስብሰባ በፊት ደግሞ ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ ጋር በአማርኛና በሶማልኛ እንነጋገራለን። ጥያቄው ቀድሞ እነሱ ጋ ይደርሳል።

ጽሑፉ ሲዘጋጅ ግን ሌላ ጣጣ መጣ፤ የማን ስም ይግባ? የፊዚክስ ሰዎች ለጋሶች ናቸው። በ2015 ከሰርን የወጣው የሂግስ ቦዞን ክብደት ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች ነበሩት፤ ከ33 ገጹ 24ቱ የስምና የተቋም ዝርዝር ነው። በሕክምናው ዓለም ግን የመጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አራት መስፈርት አለ፦ በሥራው ላይ ትልቅ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ መጻፍ ወይም ማረም፣ የመጨረሻውን ማጽደቅ፣ ኃላፊነት መውሰድ። «የመስክ ሰዎቹ ሁለተኛውን አያሟሉም» ተባለ። ልክ ነው፤ ረቂቁን ማን ላከላቸውና! ያው መመሪያ ግን የመጀመሪያውን ያሟላ ሰው በሌሎቹም እንዲሳተፍ ዕድል ይሰጠው ይላል። ያንን ክፍል ለሁሉም ላክሁ።

ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ ረቂቁን በስልክ፣ በአማርኛ፣ አንቀጽ በአንቀጽ አወራነው። የድሬዳዋው ሰውዬ ሦስት ቦታ አረመ፤ አንዱ እርማት ድምዳሜያችንን ነካ። ስሙ ከደራሲዎቹ ጋር ገባ። ሌሎቹ አራት መረጃ ሰብሳቢዎች «ምስጋና» ውስጥ ቀሩ። እሱ ደስ ብሎታል፣ እኔ ግማሽ ብቻ።

ከእናንተ ውስጥ ነገ እንዲህ ያለ ኔትወርክ ውስጥ የምትገቡ ትኖራላችሁ። ፕሮግራሙ ያምራል፣ ሎጎውም ያምራል። እናንተ ግን ይህን አምድ የሞላው ማን ነው፣ ስልኩስ አለን ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሳይንሱን ሊያስት የነበረውን ስህተት ያስቀረው የጥቂት ብር ጥሪ ነው፤ ካርዱንም የሞላሁት ከኪሴ ነው። በበጀት ቅነሳ ጊዜ ቀድሞ የሚሰረዘውም ይኸው «ግንኙነት» የሚባለው ክፍል ነው። ለሚቀጥለው ዓመት «የስልክ ካርድ፣ ለመስክ ሠራተኞች» የሚል አንድ መስመር አስገብቻለሁ።

ገና አልጸደቀም።