የመቅደላ ሽኮኮዎች

ከደሴ በተንታ በኩል ወደ አምባ መቅደላ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው አፄ ቴዎድሮስን ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሠዉትም፣ ሴባስቶፖል መድፍ የቀረውም እዚያው ነው። ይህን ሁሉ አይቼ ጉልበቴን ላሳርፍ አፋፉ ላይ ስቀመጥ ግን ዐይኔን የያዙት ሽኮኮዎች ናቸው።

የልጅ ልጆቻችን በቴሌቪዥን የሚያዩት፣ በሁለት እግሩ ቆሞ የሚጠብቀው ሚርካት የደቡባዊው አፍሪካ ደረቅ ምድር እንስሳ ነው። ጥንዚዛና ጊንጥ ይበላል፤ እኛ አገር የለም። የእኛው ሽኮኮ ሣርና ቅጠል በል ቢሆንም ዘብ ማቆሙን ያውቅበታል። መንጋው ሲግጥ አንዱ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ሆኖ ሰማዩን ይቃኛል። ንስር ካየ ይጮሃል፤ ሁሉም እየተሯሯጠ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል።

ጅራት የለውም፤ ክብደቱ አራት ኪሎ ገደማ ነው። የውስጥ እግሩ እንደ ጎማ ለስላሳና እርጥብ ስለሆነ ገደሉን ሙጭጭ ብሎ ይወጣዋል። የሰውነቱን ሙቀት በደንብ መጠበቅ ስለማይችል ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ ሥራ አይጀምርም። እርግዝናው ሰባት ወር ገደማ ነው፤ ማዋለጃ ክፍል ለሠራሁት ለእኔ ይህ ለዚያች ትንሽ ሆድ ብዙ ነው! ጥንቸል ቢመስልም የሥጋ ዘመዱ ዝሆን ነው ስል መንገድ የሚመራኝ ሰው፣ «እማማ፣ ይቀልዳሉ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ቀጥዬ ስለ ቁንጭር ስነግረው ግን ሳቁን ተወ። በደጋው አገራችን የዚህ የቆዳ በሽታ ተህዋሲ የሚኖረው ሽኮኮ ላይ ነው። ወደ ሰው የምታሻግረው ከወባ ትንኝ የምታንስ፣ በዋሻና በድንጋይ ስንጥቅ የምትውል፣ ሌሊት የምትነክስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ሽኮኮን ማየት ወይም አጠገቡ ማለፍ በሽታ አያመጣም። ቁስሉ ብዙ ጊዜ ጉንጭ ወይም አፍንጫ ላይ ይወጣል፤ ብዙም ስለማያምም ወላጅ ይዘናጋል። ጠባሳው ግን ዕድሜ ልክ ነው። በሥራ ዘመኔ በጋለ ብረት የተተኮሱ ሕፃናት አይቻለሁ፤ ቁንጭሩ ሳይድን ቃጠሎ ተጨምሮበት።

«የልጄ ጉንጭ ላይ ከጥምቀት ወዲህ የማይደርቅ ነገር አለ» አለኝ፣ ወደ ገደሉ እያየ።

ለወራት ያልዳነ ቁስል የቤት መድኃኒት የሚሞከርበት አይደለም፤ በመርፌም በሚዋጥም መድኃኒት ይታከማል። ጤና ጣቢያ ወስዶ እንዲያስመረምራት፣ ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከላኳትም እንዳይቀር ነገርሁት።

«አጨዳው ይለቅ እንጂ...» ሲል፣ «አጨዳውን ጎረቤት ያግዝህ» አልሁት።

ስንወርድ ስለ ዝሆኑ እንደገና ጠየቀኝ።