የበርበሬ ጥላ በአራቫ በረሃ

ከሙት ባሕር ወደ ኤላት የሚወስደው 90 ቁጥር መንገድ፣ በምዕራብ የኔጌቭን በምሥራቅ የኤዶምን ተራሮች እያሳየ በአራቫ ሜዳ ውስጥ ይዘልቃል። በዚህ ምድር የዓመቱ ዝናብ በአማካይ 50 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የበጋው ሙቀት ደግሞ 40 ዲግሪን ያልፋል። ሆኖም በክረምት ከእስራኤል ወደ ውጭ አገር የሚላከው የማያቃጥል በርበሬ፣ በገበያ «ጋምባ» የሚባለው፣ በአብዛኛው የሚመጣው እንደ ሐጼቫ፣ ኤን ያሃቭና ፓራን ካሉት የዚህ በረሃ ሞሻቮች ነው። ማሳው ዛሬ ከቀድሞው አንሷል፤ ብዙ ገበሬዎች ፊታቸውን ወደ ተምር አዙረዋል። ቢሆንም ከመንገዱ ግራና ቀኝ በመረብ የተሸፈኑት ሰፋፊ እርሻዎች አሁንም ዓይን ይስባሉ።

ከመርካዝ ክሊታው ቤተሰቦች ጋር ወደዚያ የሄድነው ለሽርሽር ብቻ አልነበረም። ብዙ እናቶች ከደረቅ በርበሬ ዛላ ዘር እያወጡ በቆርቆሮና በእርጎ ዕቃ ይዘራሉ። ዘሩ ይበቅላል፤ ግን ችግኙ እንደ ክር ቀጥኖ ይጋደማል፣ ወይም ሚርፔሴት ላይ በወጣ በሁለተኛው ቀን ይጠወልጋል። ከዚያ በኋላ «የዚህ አገር አፈር በርበሬ አያውቅም» ብለው ይተዉታል። በኡልፓን ፊደል መያዝ የከበዳቸው ሰዎች፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩት የኖሩት ሥራም ከዳን ሲሉ መስማት ለእኛ ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ቀላል ነገር አይደለም። ጥፋቱ የአፈሩ እንዳልሆነ፣ የብርሃኑ መጠን እንደሆነ፣ በዓይናቸው እንዲያዩት ፈለግን።

የተቀበለን ገበሬ ከታይላንድ የመጡ ሠራተኞቹ መካከል ቆሞ አስረዳን። አራቫ ውስጥ በርበሬ የሚተከለው ፀሐይ በምትበረታበት ወቅት፣ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ለቀማው በኅዳር አካባቢ ይጀምርና እስከ ፀደይ ይዘልቃል። ስለዚህ አዲሱ ችግኝ በጥቁር የጥላ መረብ ይከለላል፤ ሙቀቱ ሲበርድና ቀኑ ሲያጥር መረቡ ይነሣል። «ከተረሳ ቅጠል ብቻ እንሰበስባለን» አለን። ጥላ የበዛበት በርበሬ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይሰፋል፣ አበባውን ግን ያረግፋል።

መረብ ሁሉ አንድ እንዳልሆነም ሰማን። ጥቁሩ ብርሃኑን ከመቀነስ በቀር ሌላ አያደርግም። በቮልካኒ የእርሻ ምርምር ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ቀይ፣ ቢጫና ዕንቁ የሚመስሉ መረቦችን ሞክረዋል። እነዚህ ብርሃኑን ይበትኑታል፤ ስለዚህ በላይኛው ቅጠል የተሸፈነው የታችኛው ቅጠል ሳይቀር ይደርሰዋል። የጥላቸው መጠን ከጥቁሩ ጋር እኩል ሆኖ ሳለ የበለጠ ፍሬ የታየባቸው ጊዜ አለ።

ከአርማጭሆ በኩል የመጡ አንዲት እናት እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ነበር። በኡልፓንም ድምፃቸው አይሰማም። ጎንበስ ብለው አንዱን ፍሬ ገለበጡና «ይኼን ፀሐይ መትቶታል» አሉ። ፍሬው በአንድ ጎኑ ነጭና እንደ ወረቀት የሳሳ ነበር። ገበሬው እንዴት እንዳወቁ ጠየቀ፤ የልጅ ልጃቸው አስተረጎመ። «ልጄ፣ ቅርንጫፉ ተሰብሮ ቅጠሉ ረግፎ የለም እንዴ! በርበሬ ራሱን በራሱ ጥላ ነው የሚያሳድገው» አሉት። ገበሬው «ናኾን፣ ናኾን» አለ። ቀጥለውም በአገራቸው የችግኙ መደብ በሣር እንደሚሸፈን፣ ከላዩም ዳስ እንደሚሠራለት፣ ክረምቱ ገብቶ ከመነቀሉ በፊት ሣሩ እየሳሳ ችግኙ ፀሐይ እንደሚለማመድ ተናገሩ። የአራቫው ገበሬ በመረብ የሚሠራው ይኼንኑ ነው። ልጁ ሲያስተረጉም አያቱን ቀና ብሎ ያያቸው የነበረው አስተያየት ለእኛ ከጉብኝቱ ሁሉ በልጦብናል።

ልዩነቱ ያለው በሰማዩ ነው። ጎንደር ላይ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። እዚህ ግን በሰኔ ወደ 14 ሰዓት ይረዝማል፣ በታኅሣሥ ወደ 10 ሰዓት ያጥራል፤ በክረምት ፀሐይዋም ዝቅ ብላ ታልፋለች። የጎንደር ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ያልፋል፤ ስለዚህ ፀሐዩ ቢበረታም አየሩ ይቀዘቅዝለታል። እዚህ በበጋ ፀሐዩም ሙቀቱም አንድ ላይ ይወርዱበታል።

እንግዲህ ሚርፔሴታችሁ ወዴት እንደሚያይ አስተውሉ። በርበሬ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሚርፔሴት የጠዋቱን ፀሐይ ስለሚያገኝ ለበጋ ከሁሉ ይሻላል። ወደ ደቡብ የሚያየው በክረምት ፀሐይ ወደ ውስጥ ይገባለታል፤ በበጋ ግን ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ጣሪያው ይጋርዳታል፣ ዕቃውን ወደ ዳር ጠጋ ማድረግ ነው። (ከሐዲዱ ውጭ አታንጠልጥሉ፤ ከታች ልጆች ይጫወታሉ።) የምዕራቡ ከባድ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ከቀትር በኋላ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚያጠላ መረብ ያስፈልገዋል። ወደ ሰሜን ለሚያይ ቤት አንለፋ፤ በጋራው ግቢ ጥግ መጠየቅ ይሻላል፣ እኛም በጥያቄው እናግዛለን።

ሌላው ትሪሱ ነው። ለሙቀቱ ሲባል ቀኑን ሙሉ ይዘጋል፤ ችግኙ የሚቀጥነውም በዚህ ነው። ዘሩ እስኪበቅል ጨለማ ቢሆንም ግድ የለም። ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ ግን ብርሃን ይሻል። በመስኮት አጠገብ ከሆነ ወደ መስታወቱ ስለሚጎብጥ ዕቃውን በየቀኑ ጥቂት አዙሩት። ወደ ውጭ ስታወጡት ደግሞ በአንዴ አይሁን፤ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ያህል፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመራችሁ ከ7 እስከ 10 ቀን አለማምዱት። ገበሬው «ከ10 ሰዓት በፊት» ሲለን አንዳንዶቹ የከሰዓት በኋላውን መስሏቸው ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ማለቱ ነው።

በበጋ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ አልፎ አበባው ቢረግፍ ተክሉን አትንቀሉት፤ ሲበርድ እንደገና ያብባል።

ገበሬው ስንመለስ ያረጀ ጥቁር መረብ ጠቅልሎ ሰጥቶናል። ቀዳዳ ቢኖረውም ለሚርፔሴት ይበቃል። በቢሯችን ተቀምጧል፤ የምትፈልጉ ርዝመቱን ለክታችሁ፣ መቀስ ይዛችሁ ኑ።