የብረት ሠሪ ልጅ ፋይበርግላስ ሲመርጥ

ብዙ ጊዜ ሳልጽፍ ቆየሁ። ያጠፋኝ አንድ ሣጥን ነው። ሣጥን ስላችሁ የልብስ አይደለም። እዚህ በዕብራይስጥ «አርጋዝ» የሚሉት፣ በትንሽ የጭነት መኪና ሻሲ ላይ የሚገጠመው የዕቃ መጫኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኅቴ እንጀራ ትጋግራለች፣ እኔ አከፋፍላለሁ። ሐሙስ ማታ ጭኜ ዓርብ ከሰንበት በፊት ረሆቮት፣ ቅርያት ማላኺና አሽዶድ ላሉ ሱቆች አደርሳለሁ። ባለ 25 ኪሎ የጤፍ ዱቄትም እጭናለሁ። የድሮው መኪናዬ የብረት ሣጥን በባሕሩ አየር ዝጎ ወለሉ ተበሳ። የዕቁብ ዕጣዬ ሲደርሰኝ ሣጥን የሌለው መኪና ገዛሁና «አሁን ምን ላስቀምጥበት?» የሚለው ጥያቄ መጣ።

ለእኔ መልሱ ግልጽ ነበር፤ ብረት። በሙያ ትምህርት ቤት የተማርኩት ብየዳ ነው። ፈቃድ ያለው የሣጥን መሥሪያ ያለው ጓደኛ አለኝ፣ አብሬው ሠርቼ ገንዘብም አተርፋለሁ ብዬ አሰብኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። አያቴ ከጎንደር አጠገብ ወለቃ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ገበሬው ቀን ማረሻውን ያሠራቸዋል፣ ማታ ደግሞ «ቡዳ» ይላቸዋል። መሬት የለንም፣ ብረቱ ግን ያበላን ነበር። አባቴ በልጅነታቸው ወናፍ ይነፉ ነበር። እኔ የብየዳ ወረቀቴን ይዤ የመጣሁ ቀን ከኢየሩሳሌም ሥዕል ጎን ሰቀሉት። ታዲያ ለእኚህ ሰው «መኪናዬ ላይ ፕላስቲክ አስገጠምኩ» እንዴት ይባላል?

መጀመሪያ ግን መኪናውን ሚዛን ላይ አወጣሁት። በሠራዊቱ የጭነት መኪና ነጂ ስለነበርኩ ከአቅም በላይ የተጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። እዚህ አገር መደበኛው መንጃ ፈቃድ የሚያስነዳው ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 3,500 ኪሎ የሆነ መኪና ነው። በዚህ ውስጥ መኪናውም፣ ሣጥኑም፣ ነዳጁም፣ እኔም አለንበት። የእኔ መኪና ያለ ሣጥን፣ ነዳጁ ሞልቶ እኔም ተቀምጬ 1,980 ኪሎ መዘነ። ልንሠራው ያሰብነው የብረት ሣጥን ከእንጨት ወለሉ ጋር 750 ኪሎ፣ የፋይበርግላሱ ደግሞ 480 ኪሎ ሆነ። በብረቱ የሚቀረኝ 770 ኪሎ ነው፣ 30 ከረጢት ዱቄት። በፋይበርግላሱ 1,040 ኪሎ፣ 41 ከረጢት። በየጉዞው 11 ከረጢት ለኩራቴ ልከፍል ነበር ማለት ነው። ወይም ደግሞ 41 ጭኜ፣ ፖሊስ እንዳያስቆመኝ እየጸለይኩ ልሄድ። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር መጸለይ ደግሞ ነውር ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 1 ካሬ ሜትር የብረት ላሜራ ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። ፋይበርግላስ በዚያው ውፍረት ከ1.5 እስከ 1.8 ኪሎ ነው። ወፈር ተደርጎ ስለሚሠራ ልዩነቱ እንደ ቁጥሩ ሰፊ ባይሆንም፣ ለጭነት ሰው ብዙ ነው። ጥሩው ሣጥን እንደ ሳንዱች ነው፤ በውጭና በውስጥ ስስ ፋይበርግላስ፣ መሐሉ ፎም። ፎሙ ሙቀት አያሳልፍም። በሐምሌ ፀሐይ የብረት ሣጥን ውስጡ ምድጃ ይሆናል፣ እንጀራው ያልበዋል፣ ከዚያ ይሻግታል። ግን ልብ በሉ፣ ፎሙ የገባውን ሙቀትም አያስወጣም። እንጀራው በደንብ ሳይቀዘቅዝ ከተጫነ ራሱን በራሱ ያበላሻል። ይህን እኅቴም እኔም በኪሳራ ተማርን።

ገንዘብ ለማዳን መጀመሪያ ያገለገለ ፈለግሁ። አንድ ሻጭ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ ሣጥን አሳየኝ። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በሳንቲም ጫፍ መታ መታ አደረግሁት። ደኅናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከበሩ በታች ግን ድምፁ ሞተ። ፋይበርግላሱ ከፎሙ ተላቋል፣ ውሃ ገብቶበታል። ውሃ የጠጣ ፎም ክብደት ይጨምራል፣ ሙቀትም አይከላከልም። ሻጩ «ምንም አይደለም» አለኝ። አመስግኜ ሄድኩ።

በመጨረሻ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቡናቸውን ፉት ብለው ዝም አሉ። ተቀየሙ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ አያትህ ማረሻ የሚያሠራ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ብረቱ አልነበረም። ‹በሬዎችህ እንዴት ናቸው?› ይሉ ነበር። በሬው ደካማ ከሆነ ቀለል አድርገው ይሠሩለታል። የብረት ሠሪ ዕውቀት ብረት ማብዛት መሰለህ? ኦሪት እኮ ጭነት ከብዶት ለወደቀ ለጠላትህ አህያ እንኳ ድረስለት ትላለች። አንተ የራስህን አህያ ራስህ ልትጥል ነው?»

እኔ የአያቴን ብረት ይዤ በሬዎቹን ረስቼ ነበር።

አዲስ የፋይበርግላስ ሣጥን አሠራሁ። ከብረቱ ተወድዶብኛል፣ ሁለት ወር ሙሉ እጄ አጥሮ ከረመ። የምታሠሩ ካላችሁ ከእኔ ተማሩ። ዕቃ የሚታሰርበት ብረት ገና ሲሠራ በግድግዳው ውስጥ ይቀበር፤ በኋላ ብሎን ብትመቱ ፎሙ አይይዝም፣ በቀዳዳውም ውሃ ይገባል። የበሩን ላስቲክና የጣራውን ማዕዘን በውሃ ቱቦ አስፈትሹ። ሹፌር ወደ ኋላ ሲመጣ የሚያጋጨው የታችኛው ጠርዝ ብረት ይልበስ፤ ፋይበርግላስ እንደ ብረት አይጎብጥም፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን ሳይውል ሳያድር በሬዚን አስደፍኑ። ሣጥኑ በመኪናው ፈቃድ ላይ መመዝገቡን አትርሱ፤ ገንዘቡን ጨርሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊትም ሚዛን ላይ አውጡት። የሻጭ አፍ ክብደት የለውም።

የጠርዙን ብረት የበየድኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓርብ ጨርሼ ስመለስ አባቴ በከዘራቸው ወርደው መኪናውን ዞሩት። ነጩን ግድግዳ አልነኩትም። ጎንበስ ብለው ብየዳውን በጣታቸው ዳሰሱትና «ይህቺ ጥሩ ናት» አሉኝ። ከዚያ ሰንበት ገባ።

ቸር ይግጠመን። ሰንበት ሰላም።